ዘርፉ የጠፋ ቃል

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጧት አጎቴን ይዤ ከቄራ ወደ ብስራተ ገብርኤል ለመሄድ ታክሲ ተራ ቆመናል። አጎቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ በኋላም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ «ብስራተ! ብስራተ! ብስራተ!» ይላል። አጎቴ አንድ እግራቸውን ታክሲው ላይ አድርገው ቆም አሉና፣ «የማን ብስራት ነው? ዘርፉን የት ጣልከው?» ሲሉ ጠየቁት። ልጁ ሳያመነታ፣ «አባባ፣ ገብርኤልን ሁሉም ሰው ያውቀዋል ብለን ነው» ብሎ መለሰላቸው። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

ሰዋስዉን ለረሳ አንባቢ ጥቂት ላስታውስ። በግእዝ ሁለት ስሞች ሲናበቡ የተያዘው ነገር ከፊት ይመጣል፤ ያዡ፣ ማለትም ዘርፉ፣ ከኋላ ይከተላል። ብስራቱ የገብርኤል ስለሆነ «ብስራተ ገብርኤል» ይባላል። «ብስራት» የነበረው «ብስራተ» ሲሆን መጨረሻው ላይ «የማን?» የሚል ጥያቄ ይንጠለጠላል፤ ጥያቄውን የሚመልሰው ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው። የታክሲው ልጅ ጥያቄውን ጠርቶ መልሱን ተወው። የሰፈሩ ሰው መልሱን ስለሚያውቅ ግን ማንም አልተሳሳተም፤ ታክሲውም ካሰብንበት አደረሰን።

ባለፉት መቶ ዓመታት ለአዳዲስ ነገርና ለአዳዲስ ሐሳብ ስም ስንፈልግ ሁለት ሁለት ቃል እያጋጠምን እጅግ ብዙ ጥምር ቃላት ፈጥረናል። ከእነዚህ መካከል ከፊሎቹ እንደ ታክሲው ጥሪ ሁሉም የሚግባባባቸው ሆነዋል፤ ከፊሎቹ ግን ዛሬም ድረስ ጆሮን ይጎረብጣሉ። ከሚጎረብጡት መካከል ብዙዎቹ የፖለቲካ ቃላት መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ጸሐፊ እምነት እንዲህ ነው፦ የፖለቲካ ጥምር ቃል ጆሮን ሲጎረብጥ ጉድለቱ ከድምፁ ሳይሆን ከሐሳቡ ነው። ማን የማን እንደሆነ ሳንስማማ ቃሉን ቸኩለን አትመነዋል ማለት ነው። ይህን ለማሳየት ታሪኩን ከራሳችን ሰፈር ልጀምር።

የሰፈራችን ሦስት ስሞች

ብስራተ ገብርኤል የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ስም ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። «ላፍቶ» ከግራር ወገን የሆነ ዛፍ የኦሮምኛ መጠሪያ ነው። «ንፋስ ስልክ» ግን ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። «ስልክ» የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን መሠረታዊ ትርጉሙ ሽቦ ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ድምፅን በሽቦ የሚያስተላልፈው መሣሪያ ሲመጣ መሣሪያው በሽቦው ስም ተጠራ። ቆይቶ ደግሞ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው ጣቢያ በአካባቢው ሲቆም ሰዉ ስም አጣለት። ሽቦ የለውም፤ የሚመጣውም በአየር ነው። ስለዚህ «የንፋስ ስልክ» አለው። ቃል በቃል ከተመለከትነው «የንፋስ ሽቦ» እንደ ማለት ነው፤ እርስ በርሱ የሚጣላ ጥምረት። ሆኖም ነገሩን ከዚህ በተሻለ የሚገልጽ ስም ማግኘት ያስቸግራል። በኋላ የመጣው «ገመድ አልባ» የሚለው ቃል ነገሩ ምን እንደሌለው ይነግረናል፤ «ንፋስ ስልክ» ግን በምን እንደሚሠራ ነው የሚነግረን። መሣሪያው በኋላ «ራዲዮ» የሚል የውጭ ስም ወሰደ፤ የቀድሞው ስም ለሰፈሩ ቀረለት። ዛሬ በኪሳችን የያዝነው ሁሉ የንፋስ ስልክ መሆኑን ስናስብ ያ ስም ከዘመኑ ቀድሞ የሄደ ይመስላል።

ሦስተኛው ስም ብሔረ ጽጌ ነው፤ በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መናፈሻ። የአበባ ሀገር፣ የአበባ ቦታ ማለት ነው። አንባቢ ይህን ስም ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። «ብሔር» እዚህ ላይ ቦታ ነው፤ አፈርና ሣር ያለበት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሰው የሚንሸራሸርበት።

እነዚህ ሦስት ስሞች ስም የምናወጣባቸውን ሁለቱን መንገዶች ያሳያሉ። አንደኛው የግእዙ ነው፤ የተያዘው ከፊት፣ ያዡ ከኋላ። ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዘክር፣ መዝገበ ቃላት፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ሥርዓተ ትምህርት። ሁለተኛው የአማርኛው ሲሆን ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው፤ ገላጩ ከፊት፣ ተገላጩ ከኋላ። ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ምክር ቤት፣ ማተሚያ ቤት። በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ «ቤተ መጻሕፍት» እና «ትምህርት ቤት» ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ «ቤት»ን ከፊት፣ ሌላው ከኋላ አድርጎ፣ ማንም ግር ሳይለው። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ መንገዶች በአንድ ቃል ውስጥ ሲደባለቁ፣ ወይም ቃሉ በግእዙ ሥርዓት ተሠርቶ ሐሳቡ በአማርኛው ሥርዓት ሲታሰብ ነው።

ባቡሩና መርሐ ልሳኑ

ለቁሳቁስ ስም ማውጣት ብዙም አላስቸገረንም። «ባቡር» የሚለው ቃል ወደ እኛ የደረሰው በእንፋሎት የሚሄደውን መርከብ ከሚጠሩበት የባሕር ማዶ ቃል ነው። ሐዲዱ ሲመጣ ሰዉ «የምድር ባቡር» ብሎ ለየው። መርከቡን ባቡር ማለት ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ የሀገራችን የባቡር መሥሪያ ቤት ግን ዛሬም በስሙ «ምድር ባቡር» ነው። «ምድር» የሚለው ቃል ዛሬ ከምን እንደሚለየው የሚጠይቅ የለም፤ የሚጎዳውም ሰው የለም። ቁሳቁስ እንዲህ ነው፤ ስሙ ቢወላገድም ነገሩ በዐይን ስለሚታይ ሰው አይሳሳትም።

ሐሳብ ግን በዐይን አይታይም። ስሙ ከተወላገደ ሐሳቡም አብሮ ይወላገዳል። ይህን የተረዱ ሊቃውንት አልጠፉም ነበር። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም.፣ የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1962 ዓ.ም. ታትመው ወጡ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ መርሐ ልሳን ተቋቋመ፤ ከአብዮቱ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ሆነ። በዚህ ተቋምና በተከታዮቹ የተሠራው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ለኅትመት በቅቷል። እነዚህ ሰዎች ለአንድ ቃል ብዙ ስብሰባ ይቀመጡ ነበር። ፖለቲከኞቻችን ግን ስብሰባ የሚቀመጡበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ላብ አደር፣ ወዝ አደር፣ ሠርቶ አደር

በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የተማሪው እንቅስቃሴ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ያነበበ፣ በእንግሊዝኛ የተከራከረ ትውልድ ይዞ ነበር የመጣው። አብዮቱ ግን የተደረገው በአማርኛ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ የአንድ ሙሉ ፍልስፍና ቃላት ለጋዜጣ፣ ለራዲዮና ለቀበሌ ስብሰባ መድረስ ነበረባቸው። ለዓለም አመለካከት «ርዕዮተ ዓለም» ተባለ፤ ዓለምን ማየት። ይህ ሐሳቡም ስሙም የተስማማ፣ እስከ ዛሬም ያለ ቃል ነው። «ኅብረተሰብ»ም እንዲሁ፤ የሰው ኅብረት።

ጉልበቱን ሸጦ ለሚያድረው የፋብሪካ ሠራተኛ ግን ሦስት ስሞች ወጡለት። ሦስቱም «አደር» የሚለውን ያገር ቃል ይዘዋል፤ በዚያ ሠርቶ የሚኖር፣ በዚያ የሚያድር ማለት ነው። ላብ አደር በላቡ፣ ወዝ አደር በወዙ፣ ሠርቶ አደር በሥራው። ከአማርኛነት አንጻር ሦስቱም ነውር የለባቸውም። ነገር ግን በ1968 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው ዐምድ ክርክሩ ሲጧጧፍ፣ በጎዳናውም የኅቡዕ በራሪ ወረቀቶች ሲበተኑ፣ የቃላቱ ምርጫ የሰልፍ ምልክት ሆነ። «ላብ አደር» በኢሕአፓ ሰፈር ተዘወተረ፤ «ወዝ አደር» ደግሞ በመኢሶንና በደርግ ዙሪያ በተሰለፉት ዘንድ፤ ከእነዚህም አንዱ ድርጅት «ወዝ ሊግ» ይባል ነበር። ወጣቱ በአንድ ስብሰባ ላይ አፉን ከፍቶ አንደኛውን ቃል ሲጠራ የሚሰሙት ሰዎች ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይገምቱ ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ግምት ምን ያስከፍል እንደነበር ያ ትውልድ ያውቀዋል። ላብና ወዝ በአንድ ሰው ግንባር ላይ የሚገኙ ሁለት እርጥበቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ደም ይፈስሳል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

በመጨረሻ ሁለቱንም ወገኖች ያሸነፈው ደርግ ሦስተኛውን ቃል አነሣ፤ የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽኑ ጋዜጣም «ሠርቶ አደር» ተባለ። በ1977 ዓ.ም. የተመሠረተው ፓርቲ ደግሞ ሁሉንም ትቶ «የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ» ሆነ። ከብዙ ክርክርና ከብዙ ሞት በኋላ የተመለስነው ድሮ ወደነበረን፣ ማንም ሲሰማው ወደሚገባው «ሠራተኛ» ወደሚለው ቃል ነው። ከዚያ ሁሉ ጥረት የተረፈን ጥሩ ነገር ቢኖር የ«አደር» ቅርጽ ነው። ዛሬ «አርሶ አደር» እና «አርብቶ አደር» እንላለን። በተለይ ሁለተኛው «ዘላን» የሚለውን የንቀት ቃል ከአደባባይ አስወግዷልና ውለታው ቀላል አይደለም።

ብሔር የት ነው?

አሁን ወደ ብሔረ ጽጌ እንመለስ። በግእዝ «ብሔር» ሀገር፣ ምድር፣ ቦታ ነው። «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ራሱ የብሔር ጌታ ማለት ሲሆን «ብሔረ ሕያዋን» የሕያዋን ሀገር ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ብሔራዊ» ሲባል ሀገር አቀፍ፣ የመላው ሀገር ማለት ነበር። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመላ ኢትዮጵያ ባንክ «ብሔራዊ ባንክ» የተባለው በዚህ ትርጉም ነው። ደርግም ይህን ትርጉም አልለቀቀም፤ የ1980 ዓ.ም. የሀገሪቱ ምክር ቤት «ብሔራዊ ሸንጎ» ይባል ነበር።

በሌላ በኩል በኅዳር 1962 ዓ.ም. ዋለልኝ መኮንን ስለዚህ ጥያቄ የጻፈው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር። የክርክሩ ምንጭ ደግሞ ከዚያም ርቆ ስታሊን በእ.ኤ.አ. 1913 የጻፈው ድርሰት ነው። ቃላቱ ወደ አማርኛ ሲመጡ «ብሔረሰብ» የሚለው ጥምር ቃል ተዘወተረ፤ ደርግ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. ያወጣው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራምም ተጠቀመበት። ቅርጹ «ቤተሰብ»ን ይመስላል፤ ስለዚህ ጆሮ ተቀበለው። ሰዋስዉን ስንመለከት ግን «ብሔረ ሰብ» የሰው ሀገር ማለት ነው፤ የሀገር ሰው ለማለት ከተፈለገ «ሰብአ ብሔር» ነበር የሚባለው። ሰውን ለመሰየም ተነሥተን ምድርን ሰየምን። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን አንድ ልዩነት ተጠብቆ ነበር፤ «ብሔራዊ» ለሙሉው፣ «ብሔረሰብ» ለክፍሉ።

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ልዩነት አፈረሰው። «ብሔር» ራሱ የክፍሉ ስም ሆነ፤ ከዚያም «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች» የሚለው ሦስት ቃል ያለው ሐረግ የሉዓላዊነት ባለቤት ተደረገ። አንቀጽ 39 ንኡስ አንቀጽ 5 ላይ ለሦስቱም ቃላት አንድ ትርጉም ተሰጥቷል። በባህልና በቋንቋ፣ በማንነት እምነትና በሥነ ልቡና የተሳሰረ፣ በአብዛኛው በተያያዘ መልክዓ ምድር የሚኖር ማኅበረሰብ ነው የሚለው። ስታሊን አስገብቶት የነበረው የጋራ ኢኮኖሚያዊ ኑሮ ሲወጣ የተቀረው በአመዛኙ ቀርቷል። ጥያቄው ይህ ነው፤ ትርጉማቸው አንድ ከሆነ ቃላቱ ስለ ምን ሦስት ሆኑ? ሦስት ከሆኑስ ማን ብሔር፣ ማን ብሔረሰብ፣ ማን ሕዝብ እንደሆነ በየትኛው ሚዛን ይለያል? ሕጉ ይህን አልመለሰም። «ብሔራዊ»ም እንዲሁ ሁለት አፍ አወጣ፤ «ብሔራዊ ባንክ» ሲባል የመላው ሀገር ነው፤ «ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» ሲባል ግን የክፍሉ ነው።

ይህ የሰዋስው ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። የውጫሌን ውል ያስታውሷል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ በአማርኛው ቅጂ «ይቻላቸዋል» የሚል ግሥ፣ በጣልያንኛው ቅጂ ደግሞ ግዴታን የሚያመለክት ግሥ መግባቱ ሀገርን እስከ ዐድዋ አድርሷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ደንግጓል። ስለዚህ በውጭ ቋንቋ ምን ለማለት እንደተፈለገ መጥቀስ አያዋጣም፤ የምንዳኘው በአማርኛው ቃል ነው፤ ያም ቃል በትርጉሙ ላይ ሳንስማማ የተጻፈ ነው።

ዋጋውን የከፈለው ተራው ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት በቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። አጎቴ በ1990ዎቹ አጋማሽ መታወቂያ ሊያሳድሱ ሄደው ጸሐፊው «ብሔር?» ሲላቸው «ቡልጋ» ብለው መለሱ። «አባባ፣ እሱ ቦታ ነው እኮ» አላቸው። «ብሔርስ ምን መሰለህ?» አሉት። እንደ ግእዙ ከሄድን እሳቸው ትክክል ነበሩ። ልጁ ግን ቅጽ መሙላት ነበረበትና ከስማቸው ገምቶ የመሰለውን ጻፈ። እሳቸው ወደ ቤት ሲመለሱ የተናገሩት አንድ ነገር ነበር፤ «ሀገሬን ጠይቆኝ ደሜን ጻፈ።»

ከዚህ የከፋም ደርሷል። በ1990ዎቹ መባቻ በቀድሞው የሰሜን ኦሞ ዞን አራት ተቀራራቢ ቋንቋዎችን በአንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማስተማር ተሞከረ። ቋንቋዎቹ መቀራረባቸውን የቋንቋ ሊቃውንትም አይክዱም። ስሙ ግን የተሠራው ከወላይታ «ወ»ን፣ ከጋሞ «ጋ»ን፣ ከጎፋ «ጎ»ን፣ ከዳውሮ «ዳ»ን ቆርጦ በመስፋት ነው፤ «ወጋጎዳ»። በየትኛውም እናት አፍ ውስጥ ያልነበረ፣ የማንም ያልሆነ ስም። መጻሕፍቱ ታትመው ትምህርት ቤት ሲደርሱ በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ ዞኑ ራሱ ተከፋፈለ። ሰዉ የተቃወመው አራት ፊደላትን ብቻ አልነበረም፤ ሳይጠየቅ የተሰጠውን ስም ነበር። ዘርፉ የጠፋ ቃል ማለት ይህ ነው፤ «የማን?» ሲባል መልስ የሌለው።

ኪራይ ሰብሳቢ

ኢሕአዴግ በ1993 ዓ.ም. «ተሃድሶ» ካለው በኋላ የፖለቲካ ቋንቋችን ሌላ ጥምር ቃል አገኘ፤ «ኪራይ ሰብሳቢ»። ከምጣኔ ሀብት ጥናት የመጣ ሐሳብ ነው። ሪካርዶ በእ.ኤ.አ. 1817 ስለ መሬት ግብር ካስተማረው ትምህርት ተነሥቶ፣ አን ክሩገር የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቅ በእ.ኤ.አ. 1974 ስም ያወጡለት፣ ምንም ሳያመርቱ በሹመት፣ በፈቃድና በቅርበት የሚገኝን ጥቅም ማሳደድን የሚያመለክት ነው። ሐሳቡ ጠቃሚ ነበር። በሀገራችን የሚታየውን በሽታ በእርግጥም ይገልጻል።

ቃሉ ግን አማርኛ ውስጥ አስቀድሞ ባለቤት ነበረው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው ኪራያቸው አነስተኛ የሆነው ለቀበሌ፣ ከፍ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጥቷል። ስለዚህ በአዲስ አበባ «ኪራይ ሰብሳቢ» ማለት ደረሰኝ ይዞ ወር በገባ ቁጥር በር የሚያንኳኳ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በሰፈራችን ሁለት ሰርቪስ ቤት አከራይተው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ባልቴት ነበሩ። አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑ «ኪራይ ሰብሳቢዎችን ከሥር መሠረታቸው እንነቅላለን» ሲል ሰምተው በማግስቱ ወደ እኛ ቤት መጡ። «ልጄ፣ ሰርቪሶቹን ደግሞ ሊወስዱብን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። 1967 ዓ.ምን ያየ ሰው እንዲህ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ከቤት ኪራይ ጋር እንደማይገናኝ ነገርኋቸው። «ታዲያ ስለ ምን ኪራይ ይሉታል?» አሉኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

የሚገርመው ግን ነገሩን የሚገልጽ ቃል መርካቶ አስቀድሞ ፈጥሮ ነበር፤ «አየር በአየር»። ዕቃ ሳያዩ፣ ሳይጭኑ፣ ሳያወርዱ፣ በወረቀትና በትውውቅ ብቻ ማትረፍ። ይህ ቃል ከየትም አልተተረጐመም፤ ነጋዴው የሚያየውን ነገር ነው የሰየመው። እንደ ንፋስ ስልክ ሁሉ የማይጨበጠውን በአየር መስሎ ገለጸው። ባለሥልጣኑ ግን ከመርካቶ ከመማር ከመጽሐፍ መገልበጥ መረጠ። ቃሉ በሐሳቡ ሰውን ማስተማሩ ቀርቶ የማይወዱትን መወንጀያ ሆነ፤ «ልማታዊ» ያልሆነ ሁሉ «ኪራይ ሰብሳቢ» ተባለ። በ2010 ዓ.ም. ለውጥ ሲመጣ ቃሉ ከቴሌቪዥኑ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ በሽታው ግን ስሙን ተከትሎ አልጠፋም።

የማን ሀገር?

በዚህ ዘመን በየስብሰባው፣ በየጋዜጣው የሚሰማው ጥምር ቃል «ሀገረ መንግሥት» ነው። የመጣበት ችግር እውነተኛ ነው። በአማርኛ «መንግሥት» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ የሚሾመውንና የሚሻረውን አስተዳደር፣ እንዲሁም አስተዳደሮች ሲለዋወጡ የማይለወጠውን ተቋም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሀገር ለቀው በሄዱበትና ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባበት መካከል ባለው አንድ ሳምንት ሰዉ እርስ በርሱ «መንግሥት አለ ወይ?» ይባባል ነበር። ሁለቱን ለመለየት ቃል አልነበረውም። ለዚህም ነው አስተዳደሩን የተቃወመ ሁሉ ሀገርን እንደ ካደ የሚቆጠረው፤ አስተዳደሩም ሲወድቅ ሀገር የወደቀ የሚመስለው። ስለዚህ የማይለወጠውን በሌላ ስም መጥራት ተገቢ ነበር።

ነገር ግን የተመረጠውን ስም እንመልከተው። «ሀገረ መንግሥት» እንደ ብስራተ ገብርኤል ነው የተሠራው። ብስራቱ የገብርኤል ከሆነ ሀገሪቱ የማን ናት? የመንግሥት። ያዡ መንግሥት፣ የተያዘችው ሀገር። ከመንግሥት በላይ የሆነውን ነገር ለመሰየም ተነሥተን ሀገርን ለመንግሥት አስረከብናት። አጎቴ ይህን ቃል መጀመሪያ በራዲዮ ሲሰሙ፣ «ገልብጠውታል፤ ‹መንግሥተ ሀገር› ቢሉት የሀገር መንግሥት ይሆን ነበር» አሉ። «ሕገ መንግሥት» የሚለውንም በዚሁ ዐይን ማየት ይቻላል። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሲሰጥ ሕጉ በእርግጥም የመንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው የሰጡት ስጦታ። ከዚያ በኋላ ሕጉ መንግሥትን የሚያስር መሆን አለበት ተባለ፤ ስሙ ግን ዛሬም የመንግሥት ሕግ ነው። መንግሥታቱም በተራቸው ስሙን አምነው ሕጉን እንደ ራሳቸው ንብረት ሲይዙት ኖረዋል።

ሆኖም አንድ የሚያጽናና ምልክት አለ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 የተቋቋመው የምክክር ኮሚሽን ስሙ «ብሔራዊ» አልተባለም፤ «ሀገራዊ» ተባለ። ባንኩና ቴአትር ቤቱ በተሰየሙበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር «ብሔራዊ» ይባል ነበር። ኮሚሽኑ ምን ሠራ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ የሚለው ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ስሙ ብቻውን ግን አንድ ነገር ይመሰክራል፤ «ብሔር» የሚለው ቃል ሁላችንንም በአንድነት መጥራት እንደማይችል ሳንከራከር ተስማምተናል። የሦስት ዐሥርት ዓመታት ፖለቲካ በአንድ ቃል ላይ ያደረሰውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቃላቱን በአዋጅ እንሻራቸው ማለቴ አይደለም፤ ቃል በአዋጅ አይሻርም። የምለው አዲስ ጥምር ቃል ይዘን አደባባይ ከመውጣታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ ነው። የውጭውን ቃል ሳንጠራ አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ልናስረዳው እንችላለን? ቃሉን አስቀድሞ የያዘው፣ እንደ ባልቴቷ ጎረቤታችን የሚደነግጥበት ሰው አለ? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ «የማን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ እኛ ለማለት የፈለግነው ነው? ሦስቱን ያላለፈ ቃል ቢጎረብጥ ጆሯችንን አንክሰስ፤ ወደ ሐሳቡ ተመልሰን እንከራከር። አካዳሚዎቻችንም ከመዝገበ ቃላት ባሻገር የሕግና የፖለቲካ ቃላትን በይፋ የሚመረምር ሸንጎ ቢኖራቸው ሀገር ትጠቀማለች።

አጎቴ ባለፈው ሰሞን ደግሞ ወደ ሐኪም ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርሁ። ተራው ላይ ያው ጥሪ፣ «ብስራተ! ብስራተ!» ይላል። ዛሬስ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ዐይን ዐይናቸውን አየሁ። ምንም አላሉም፤ መቀመጫቸውን ያዙ። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «ይኼኛውስ ዘርፉ የታወቀ ነው» አሉኝ።